በትንሹ ኤርፖርት የተጠራ ስም

«ማሚ፣ ትንሹ ይሻላል ትልቁ?» አለችኝ ልጄ ሰላም ባለፈው ቅዳሜ። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አፓርታማዬ መስኮት ሥር ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ስለ ድስት የምታወራ መስሎኝ «ለስንት ሰው ነው?» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «ኤርፖርቱን ነው እኮ የምልሽ!» ልጇ ልያ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ለልደቷ ፍሎሪዳ፣ እዚያ የልጆች መጫወቻ ከተማ ሊወስዷት አስበዋል፤ «ያላንቺ አንሄድም» ብለው እኔንም ጨምረውኛል። እዚያ ደግሞ የሚያርፉበት ኤርፖርት ሁለት ነው። ትልቁ ለመጫወቻው ይቀርባል፣ በየሰዓቱ በረራ አለው፤ ግን ውስጡ ራሱ በባቡር ነው የሚኬደው፣ የፍተሻው ሰልፍም ለአሮጊት ጉልበት የሚሆን አይደለም። ትንሹ ራቅ ይላል፣ በረራውም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ግን ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ከአውሮፕላን ወርዶ መኪና ውስጥ ለመግባት ሃምሳ እርምጃ አይፈጅም። «ለጉልበትሽም ትንሹ ነው የሚሻለው። ቡክ ላድርገው?» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ዝቅ ያለ ነጭ ቤት፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ዘንባባ። ቀለም ቀብተውታል እንጂ ያው ራሱ ነው። «ትልቁን» አልኳት። «ማሚ፣ ትልቁ ግን...» «ትልቁን አልኩሽ!» ስጮህ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሷም ከላፕቶፗ ቀና አለች። ምን ልበላት? ሠላሳ ምናምን ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ነገር ምስር እየለቀምኩ ልንገራት?

ያኔ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነበርን። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ ለቁጥር ድሮም አልሆንም። የሰው ሁሉ ጃኬት ትከሻው ላይ ትራስ የተሰፋበት፣ ወንዱ ሳይቀር ፀጉሩን ከርል ተሠርቶ የሰው ሶፋ በቅባት የሚያበላሽበት ጊዜ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። በዚህም የተነሳ የሀበሻ ሶፋ ሁሉ ላስቲክ ለብሶ ነበር፤ በበጋ የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሳ እየተላጠ ነው የሚነሳው። ሕንጻችን ረጅም ነው። ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ሀበሻ የቱ ፎቅ ላይ እንዳለ ማንም ሳይነግራችሁ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ አምስተኛው ላይ ቁሌት፣ ዘጠነኛው ላይ የሚቆላ ተልባ። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ይገዛል። ቁጥሩን በሳንቲም ፍቃችሁ፣ ሃያ አሃዝ ተጭናችሁ፣ መስመሩ ሲገባ «ሃሎ፣ ይሰማል? እኔን ይሰማኛል፣ እናንተንስ ይሰማችኋል?» ስትባባሉ ካርዱ ያልቃል። ዛሬ ልያ አክስቶቿን ፊት ለፊት እያየች አናግሪ ስትባል ይሰለቻታል። ከሕንጻው ሥር አውቶብስ የሚቆምበት ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረ። ባለቤቱ ስፒከሩን ደጅ አውጥቶ ከጧት እስከ ማታ የሠርግ ዘፈን ይለቃል፤ አውቶብስ የሚጠብቀው ፈረንጅ ሳይታወቀው ትከሻው ይነቃነቅ ነበር። ባለፈው በዚያ ሳልፍ አየሁት፣ ጥፍር የሚሠሩበት ቤት ሆኗል።

ባሌ አስፋው ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ የግብዣ አዳራሽ አስተናጋጅ ነበር። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ወጥ የሚያሳርር፣ ሰይጣን የሚባል ነገር የለም ብሎ ከቄስ ጋር የሚከራከር ሰው ነው። ሕልም አየሁ ካልኩት «ተይኝ፣ አንቺ ደብተራ» ይለኛል። ጥቁር ቬስቱንና ቀይ ክራቫቱን አድርጎ ሲወጣ ግን ወይ ማማሩ! ሕንጻው ውስጥ ያሉ ሴቶች ሊፍቱን ይዘው የሚጠብቁት ለእኔ ብለው አይመስለኝም። አንድ አመል ነበረበት። ሲጠሩት አቤት አይልም። «አስፋው!» ስለው «እ?» ነው መልሱ፤ ሲከፋው ደግሞ «ምን ሆንሽ?»። እናቱ ሲጠሩትም እንደዚያው ነበር አሉ። ምነው ብዬ ስቆጣው «አቤት ንጉሥ ፊት ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ወርደዋል» ይለኝ ነበር።

ልጄን ግን በአቤት ነው ያሳደግኳት። ትምህርት ቤት እንደገባች አመጣጧ አላማረኝም፤ ስጠራት «ዋት?» ትለኛለች። ደሜ ይፈላል! «ምን ወጥ ወጥ ትይኛለሽ፣ ወጥ ልትሠሪ ነው? አቤት ነው የሚባለው!» አንድ ክረምት ሙሉ ይህን ሳስተምር ከረምኩ። አቤት ባለች ቁጥር አንድ ማስቲካ። እሷም ብልጥ ናት፣ ሳልጠራት መጥታ «አቤት እማዬ» ማለት ጀመረች። እንግዳ ሲመጣ ሆን ብዬ እጠራታለሁ፤ «አቤት!» ብላ ስትሮጥ እንግዶቹ «ተባረኪ፣ ይቺን የመሰለች ጨዋ ልጅ እዚህ አገር!» ሲሉ በኩራት ልፈነዳ እደርስ ነበር።

እኔ ራሴ አቤትን የተማርኩት ግን ከነማስጠንቀቂያው ነው። ደብረ ማርቆስ ነው ያደግኩት፤ የደብተራ አገር ነው። እናቴ ሁለት ነገር አጥብቃ አስተምራኛለች። አንደኛው፣ «ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበይ፤ በቀትር ደግሞ አደራ። ሰው ሲጠራ ይደግማል፣ ይሠልሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። አቤት ያልሽው እንደሆነ ወሰደሽ።» ሁለተኛው የክርስትና ስሜ ነው። ድግምት የሚደገመው በክርስትና ስም ነው፣ ስለዚህ ለማንም አይሰጥም። ፓስፖርቴ ላይ ጥሩወርቅ ነኝ፣ ሰፈር ጥሩዬ ነኝ፣ ሥራ ቦታ ፈረንጆቹ «ትሩ» ይሉኛል። ወለተ ማርያም መሆኔን የሚያውቁት እናቴና የክርስትና እናቴ ነበሩ፤ እነሱን አፈር ከበላቸው ቆይቷል። ሰላምን ክርስትና ስናስነሳ ቄሱ ስሜን ሲጠይቁኝ ደግሞ አስፋው አጠገቤ ስለነበር ሰምቷል። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል። ለልጄ አቤትን ሳስተምራት ማስጠንቀቂያውን አላስተማርኳትም። አሜሪካ ውስጥ ማን በቀትር ይጠራታል ብዬ!

እና ያን ጊዜም ነገሩ ልክ እንደ ዛሬው ነበር የጀመረው። ሰላም ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አስፋው ወጥ ቤት ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ ያን የተጠማዘዘ ረጅም ገመድ ወገቡ ላይ እየጠመጠመ ከትኬት ቆራጯ ሀበሻ ጋር ይከራከራል። «ትንሹ ይሻላል ትልቁ?» አለኝ አፉን በእጁ ሸፍኖ። «እኔ ምን አውቄ፣ አንተ ያሰኘህን» አልኩት። ትንሹን መረጠ። በተረፈው ብር ነጭ ቀሚስ ገዛልኝ፣ እጅጌው የተነፋ፣ ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ያለው። ትኬቱ በፖስታ መጣ፤ ያኔ ትኬት ማለት እንደ ቼክ ደብተር የተሰፋ፣ ጀርባው ቀይ ካርቦን ያለው ወረቀት ነው፣ ጣት ያቀላል። የሸኙን ጎረቤቶቻችን ደግሞ አውሮፕላኑ በር ድረስ ገብተው ተሳስመን ተላቀስን። ለሦስት ቀን ሽርሽር! ዛሬ እንዲህ ብትሉ ዘበኛ ይጠሩባችኋል።

ሦስቱ ቀን እንዴት ደስ ይል እንደነበር አልነግራችሁም፣ እንባዬ ይቀድመኛል። የታሸገ ውሃ ሦስት ዶላር ሲሉን አስፋው «ጠበል ነው እንዴ?» ብሎ ሻጩን በአማርኛ ጠየቀው። ሰይጣን የለም የሚለው ሰውዬ ያ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር ላይ ሲወጣ «በስመ አብ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወርዶ ካደ። እኔ ቋንጣ ፍርፍሬን በፎይል ጠቅልዬ ይዤ ስለነበር ቤተ መንግሥት የሚመስለው ሕንጻ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በላን። ሰላም ፊቷ ላይ ቢራቢሮ አስላ፣ ሦስት ቀን አልታጠብም ብላ አስቸገረችን።

የመመለሻችን ቀን በረራው ከሰዓት በኋላ ነበር። አስፋው የሆቴል ሰው ስለሆነ ቀድሞ መገኘት ይወዳል፤ ቀትር ላይ ደረስን። አዳራሹ ባዶ ነበር። ባዶ ስላችሁ ሰው ቀንሷል ማለቴ አይደለም፤ አንድም ነፍስ የለም። ወንበሮቹ በተርታ ተደርድረዋል። ግድግዳው ሥር የሕፃን ጋሪዎች፣ የሚከራዩ መሰለኝ፣ አሥራ አምስት ሃያ የሚሆኑ፣ ሁሉም ወደ እኛ ዞረው ቆመዋል። ከትኬት መስኮቱ ጀርባ የሴት ሹራብ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ ያለው ቡና እንኳ ገና ይተናል። ሴትየዋ ግን የለችም። የለስላሳው ማሽን ብቻ እም... እያለ ያንጎራጉራል። እኔ ነጩን ቀሚሴን ለብሼ ወደ መስታወቱ ሄድኩ። ውጪ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዘንባባዎቹ ጥላ የላቸውም፣ ቅጠላቸው አይነቃነቅም። አስፋልቱ ላይ አንድም አውሮፕላን አልነበረም። ከኋላዬ አስፋው ተንበርክኮ የሰላምን የጫማ ማሰሪያ ያስራል። ልጅ ሆኜ ቀትር ከብቱ እንኳ ማመስኳቱን የሚያቆምበት ሰዓት ነበር፤ እናቴ ያኔ ከደጅ አስገብታ በር ትዘጋብን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ትዝ አለኝ።

ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ቋ አለ። ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ «ወለተ ማርያም» አለ።

አንድ ጊዜ። የሴት ድምፅ ነው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ ምሳ ደርሷል ግቢ የምትል ዓይነት ናት። ፈረንጅ ልትሆን አትችልም፤ የመጨረሻዋን «ም» ከንፈሯን ገጥማ፣ ዘግታ ነው የጨረሰቻት። አቤት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በጥርሴ ያዝኩት። ይደገም ብዬ ጠበቅኩ። ሁለተኛ ጥሪኝ፣ በማርያም ጥሪኝ፣ ሰው ሁኚ ብዬ በሆዴ ለመንኩ። አልደገመችም። የለስላሳው ማሽን ማንጎራጎሩን አቁሞ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ፣ «አቤት» የሚል ቃል ሰማሁ።

ዞርኩ። ሰላም አፏን ከፍታ ሽቅብ ታያለች። አስፋው ጀርባውን ሰጥቶኝ እንደተንበረከከ ነው። ሹክሹክታ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ግን ማን ሊል ይችላል? አስፋው በዕድሜው አቤት ብሎ አያውቅም። አቤት ባይዋ አንድ ናት፣ በማስቲካ ያስተማርኳት። ሮጬ ሄጄ አፏን በጥፊ አልኳት። ቢራቢሮዋ መዳፌ ላይ ታተመች። ከዚያ በፊት መትቻት አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ። አላለቀሰችም፤ አባቷን ብቻ አየችው። አስፋው ተነስቶ «አብደሻል?» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በእኔ ተናዶ ነው ብዬ ነበር። «ስሜን ጠራችኝ እኮ! የክርስትና ስሜን!» አልኩት። ይኼኔ የትኬት መስኮቱ ሴትዮ ሳንድዊቿን ይዛ ከኋላ በር ብቅ አለች። የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ ከ«ታንክ ዩ» እና ከ«ሃው ማች» አያልፍም። አስፋው የሰላምን እጅ ይዞ ሄደና አነጋገራት። ሲመለስ እየሳቀ ነበር። «ዋሌት ነው!» አለኝ። «ሜሪያን የምትባል ሴት ዋሌቷን፣ የገንዘብ ቦርሳዋን፣ ጥላ ሄዳ ነው የሚጠሯት። ዋሌት፣ ሜሪያን። ወለተ ማርያም! ገባሽ? አንቺ ደብተራ!» እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛው የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ቦርሳውን ባጣ ቁጥር ለብቻችን ስንሆን «ወለተ ማርያም የት ገባች?» እያለ ያስቀኝ ነበር። ያቺ «ም» ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ዓመት አልሞላም። የፀደዩ የዛፍ አበባ አብቦ ከተማው በጎብኚ የሚጨናነቅበት ሰሞን ነው፤ ሆቴሉ የምሳ ግብዣ ነበረው። አብሮት የሚሠራ የአገራችን ሰው እንደነገረኝ፣ አስፋው ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ሲያለብስ ድንገት ቀና አለ፣ ማንም ሳይጠራው «መጣሁ» አለ፣ ጨርቁን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ወደቀ። ቀትር ነበር። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አመንኩ፤ አባቱም በልብ ነው የሞቱት። «መጣሁ» ማለቱንም ምንም አላልኩትም፤ አስተናጋጅ ቀኑን ሙሉ መጣሁ ሲል ነው የሚውለው። አልዋሽም፣ ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። በሰው አገር፣ ከልጅ ጋር፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ተቀየምኩት። ሰው ሞቷል ብሎ መቀየም ይቀራል እንዳትሉኝ፣ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ልጄን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። አቤት ያለችው እሷ ናት፤ ያቺ ጠሪ ደግሞ ገና አልመጣችም፣ ትመጣለች። ዋና አትማሪ አልኳት። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሽርሽር ከለከልኳት። ኮሌጅ ስትገባ አውቶብስ የሚያደርስበት ካልሆነ ብዬ ዕድሏን ዘጋሁባት፤ እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳም። ለሥራ አውሮፕላን ስትሳፈር ደርሻለሁ ብላ ኮል እስክታደርግልኝ እህል አልቀምስም። ያንኑ በስንት ልፋት ያስተማርኳትን አቤትም ከለከልኳት። «ዋት» በይኝ አልኳት። በእንግዳ ፊት ጠርቻት «ዋት?» ስትል ሰው ይተያያል፤ አንዷማ «ጥሩዬ፣ ልጅሽን ፈረንጅ ቀማሽ» አለችኝ። ዋጥ አደረግኩት። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው «ኤርፖርት ውስጥ?» አሉኝ። አዎ አባ፣ ኤርፖርት ውስጥ። ጠበል አጠጫት አሉኝ፣ አጠጣኋት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ይኸው ሴት ሆና፣ አግብታ፣ ስፕሪንግፊልድ ቤት ገዝታ፣ ከእኔ በላይ ደመወዝ እየበላች ስፈራላት ኖርኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ነጭ ቤት በላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ከቀረበ ልጅ ጋር።

ላፕቶፑን ከደነችው። «ማሚ፣ ፕሊስ። ሕይወቴን ሙሉ አትሂጂ፣ አትዋኚ ስትዪኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም። ዛሬ ንገሪኝ።» ልያ መኝታ ቤት ካርቱን ታያለች። በሩን ዘጋሁትና ነገርኳት፤ ስሜን፣ ድምፁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ሁሉንም። «በጥፊ መታሁሽ» አልኳት። «ያስተማርኩሽም እኔ፣ የመታሁሽም እኔ። የተጠራሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ዝም ብዬ ልጄን አቤት አስባልኳት። ይቅር በይኝ።» ለቅሶዬ መጣ። ምስሩን ከነሰፌዱ ተቀበለችኝና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አስታውሳለሁ» አለችኝ።

«ጥፊውን?»

«ጥፊውንም። ግን ማሚ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ምኑ?»

«አቤት ያልኩት እኔ አይደለሁም። አባዬ ነው።»

አልገባኝም። አንድ ጊዜ ደግማ ነገረችኝ፣ አሁንም አልገባኝም። እጄን ያዘችኝ። «ጫማዬን እያሰረ ነበር። ድምፁ ሲመጣ እጁ ቆመ። ዞሮ አንቺን አየ፣ ጀርባሽን። ከዚያ ቀና ብሎ ቀስ አድርጎ አቤት አለ። እኔ አባዬ አቤት ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚያ ነው አፌን የከፈትኩት። አይ ወዝ ሶ ሰርፕራይዝድ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ተመታሽ? ለምን እኔ አይደለሁም አላልሽም?»

«ወደ ሴትየዋ ሲወስደኝ ‹ለእማዬ አንነግራትም፣ የእኔና ያንቺ ሲክሬት ነው› አለኝ። ከዚያ ሞተ። የሞተ ሰው ሲክሬት እንዴት ይነገራል? ደግሞ አንቺ የምታውቂ ይመስለኝ ነበር።»

«ዋሌቱስ?» አልኳት። «ሜሪያንስ?»

«ምን ዋሌት? ማሚ፣ ሴትየዋ ያለችውን እኔ ሰምቻለሁ። ማይኩ ከጧት ጀምሮ አይሠራም፣ ማንም ምንም አልተናገረበትም ነው ያለችው። አባዬ ‹ታንክ ዩ› አላት። ወደ አንቺ ስንመለስ እጄን በጣም ጨብጦ አሳመመኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የሰማችውን እንግሊዝኛ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሱ ትርጉም ኖርኩበት። ሰይጣን የለም ይል የነበረ ሰው! ለእናቱ፣ ለንጉሥ አቤት ያላለ ሰው! ስሜን ያውቅ ነበር። የማን ስም እንደተጠራ ከእኔ እኩል ነው የሰማው፤ አቤት ያለ ሰው ምን እንደሚሆንም እናቴ ያለችውን እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ነግሬው ስቆብኛል። ቢያምንበትም ባያምንበትም፣ ተንበርክኮ ሳለ ጀርባዬን አይቶ፣ ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብሎ ቀደመኝ። ከዚያ እየሳቀ ተመለሰ፤ ቦርሳው በጠፋ ቁጥርም እያሳቀኝ ከረመ። እኔ ደግሞ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ተቀየምኩት። አለቀስኩለት፤ ያኔ ያላለቀስኩትን፣ ለቀስተኛ ፊት ያልወጣልኝን ለቅሶ። «አስፍዬ፣ አስፍዬ» ብዬ ጮህኩ። ልያ በሩን ከፍታ «ዋትስ ሮንግ ዊዝ አያቴ?» አለች፤ እናቷ በእጇ ምልክት መለሰቻት።

ሰላም አይኗን ጠረገች። እሷ እንደ አባቷ ናት፣ ነገር ሲከብዳት ወደ ሥራ ትመለሳለች። «ኮኢንሲደንስ፣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል እኮ» አለች። «ሊሆን ይችላል» አልኳት። «እሺ፣ ትልቁን ቡክ አደርገዋለሁ። ዊልቸር እንጠይቅልሻለን።»

«ትንሹን ቁረጪ» አልኳት።

«ማሚ፣ አሁን ትልቁን ብለሽ ጮኸሽብኝ!»

«አሁን ትንሹን አልኩሽ። መመለሻውን ከሰዓት በኋላ አድርጊው፣ ቀትር ላይ እንድንደርስ።»

«እዚያ ተቀምጠሽ ምን ልታደርጊ?»

«አንቺ የልያን እጅ አጥብቀሽ ያዢ» አልኳት። «ከተጠራሁ ዘንድሮ አቤት የምለው እኔ ነኝ።»